“ይሄን ከልብሱ መሃል ክተቺው” በስፓኒሽ

ጥያቄው፦ “የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። እህቴ ካረፈች በኋላ ትንሿ ልጇ በሁለት ዓመቷ በማደጎ ስፔን ሄዳ ባርሴሎና አካባቢ አደገች። አሁን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። ከሦስት ሳምንት በኋላ ከአሳዳጊ እናቷ ጋር መጥታ እኛ ቤት ትሰነብታለች። እሷ አማርኛ አትችልም፣ እኔ ስፓኒሽ አልችልም። አስተርጓሚ ያገኘነው ለሁለት ቀን ብቻ ነው። እኔን ያስጨነቀኝ የመሄጃዋ ዋዜማ ነው። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቆሎ፣ ማር፣ ቅቤ፣ ቋንጣና ጀበና አዘጋጅቼላታለሁ። ‘ይሄን እዚህ ክተቺ፣ ያንን አትክፈቺ፣ ይሄ ይሰበራል’ ማለት እፈልጋለሁ። ከስልኬ ሁለት መቶ የሚሆኑ ዓረፍተ ነገሮች ገልብጬ መሸምደድ ጀምሬ ነበር፤ አልያዝ አለኝ። ‘አትክተቺ’ ለማለት ‘ክተቺ’ በሚለው ላይ ‘ኖ’ ብጨምር ይበቃል? ያመናጨቅኋት እንዳይመስላትስ በየቃሉ ‘ፖር ፋቦር’ (እባክሽ) ልበል?”

ሁለት መቶውን ዓረፍተ ነገር ይተዉት። አልያዝ ያለዎት ጭንቅላትዎ ስለደከመ ሳይሆን ዝርዝሩ ለእርስዎ ጉዳይ ስላልተሠራ ነው። እንዲህ ያለው ዝርዝር የሚዘጋጀው ሆቴል ለሚይዝ፣ ታክሲ ለሚጠራ መንገደኛ ነው። ግማሹ ለማያውቁት ሰው በአክብሮት የሚባል፣ ግማሹ ለጓደኛ የሚባል፣ የቀረው ደግሞ ሜክሲኮ እንጂ ስፔን ውስጥ የማይዘወተር ሆኖ አንድ ላይ ተቀላቅሎ ይቀመጣል። የእርስዎ ጉዳይ ጠባብ ነው፦ አንዲት ልጅ፣ አንድ ሁለት ሻንጣ፣ አንድ ምሽት። ለዚህ ዘጠኝ ግሥ፣ የጥቂት ዕቃዎች ስምና ቦታ የሚጠቁሙ ቃላት ይበቃሉ። ሦስት ሳምንት ለዚህ ከበቂ በላይ ነው።

በመጀመሪያ የቃላቱን ቅደም ተከተል ይያዙ። እኛ ግሡን መጨረሻ ላይ እናመጣለን፤ “ይሄን እዚህ ክተቺ” እንላለን። ስፓኒሽ ከግሡ ይነሳል፦ “ሜቴ ኤስቶ አኪ።” “ሜቴ” ክተቺ ነው፣ “ኤስቶ” ይሄን፣ “አኪ” እዚህ። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር አጥብቀው ከያዙ ሌላው ቃል መቀያየር ብቻ ይሆናል። በ“ሜቴ” ቦታ “ሳካ” ሲገባ “አውጪ” ይሆናል፣ “ፖን” ሲገባ “አስቀምጪ”፣ “ዴኻ” ሲገባ “ተዪው፣ እዚሁ ይቅር” ይሆናል። “ዶብላ” እጠፊ፣ “ኤንብዌልቤ” ጠቅልዪ፣ “ሲዬራ” ዝጊ፣ “አብሬ” ክፈቺ፣ “ዬባ” ይዘሽ ሂጂ ማለት ነው። ዘጠኙ ግሦች እነዚህ ናቸው። ከስልክዎ ዝርዝር ውስጥ “ኮኼ” የሚል ካገኙ ይለፉት። ስፔን ውስጥ “ያዢ፣ ውሰጂ” የሚባልበት ተራ ቃል ነው፤ ልጅቷም ስትናገረው መስማትዎ አይቀርም። ሜክሲኮና አርጀንቲናን በመሳሰሉ አገሮች ግን ጸያፍ ትርጉም አለው። “ዬባ” የትም ያለ ችግር ስለሚያገለግል ከአፍዎ የሚወጣው እሱ ይሁን።

ስለ “ኖ” የጠየቁት ዋናው ነጥብ ነው። አይበቃም። ለምን እንደማይበቃ በአማርኛ ማየት ይቻላል፤ “ነይ” ለሚለው ተቃራኒ “አትነይ” አንልም፣ “አትምጪ” ነው የምንለው። ቃሉ ራሱ ይለወጣል። ስፓኒሽ ይህን በሁሉም ግሥ ላይ ያደርገዋል። “ሜቴ” ብለው ያዘዙት ሲከለከል “ኖ ሜታስ” ይሆናል። “አብሬ” ሲከለከል “ኖ አብራስ”፣ “ሳካ” ሲከለከል “ኖ ሳኬስ”፣ “ሲዬራ” ሲከለከል “ኖ ሲዬሬስ”፣ “ዴኻ” ሲከለከል “ኖ ዴኼስ” ነው። ልብ ብለው ካዩት መንገዱ አንድ ነው፤ ትእዛዙ በ“ኣ” ድምፅ ካለቀ ክልከላው በ“ኤስ” ያልቃል፣ ትእዛዙ በ“ኤ” ካለቀ ክልከላው በ“ኣስ” ያልቃል። ከዘጠኙ የሚያፈነግጠው “ፖን” ብቻ ሲሆን “ኖ ፖንጋስ” ይሆናል። “ኖ ሜቴ” ቢሉ ልጅቷ በእጅዎ ጥቆማ ትረዳዎት ይሆናል፤ በቋንቋው ግን “አትከትም” ማለት ነው፣ ስለ ሌላ ሰው የሚወራ ወሬ ይመስላል።

ይህን ያስረዳሁት ሲሰሙት እንዲያውቁት ነው። በሦስት ሳምንት ውስጥ ከአፍዎ እንዲወጣ አልመክርም፣ የተሻለ መንገድ አለ። ዕቃውን ያነሱና “ኤስቶ፣ ኖ” ይበሉ፤ ይሄ አይሆንም ማለት ነው። የሚፈቀደውን አንስተው “ኤስቶ፣ ሲ” ይበሉ፤ ይሄ አዎ። ቦታው ልክ ካልሆነ “አኪ፣ ኖ”፣ ልክ ሲሆን “አኪ፣ ሲ”። ጊዜው ገና ከሆነ “ቶዳቢያ ኖ”፣ ገና ነው፣ አሁን አይደለም። ይህ የተሰባበረ ስፓኒሽ አይደለም፤ ስፔናውያንም ሻንጣ ሲሸክፉ የሚነጋገሩት እንዲሁ ነው። “አትክፈቺ” የሚለውን ብቻ ለማሩ ዕቃ ስለሚያስፈልግዎ “ኖ አብራስ ኤስቶ” ብለው እንዳለ ይያዙት።

“ኤስቶ” ሌላም ጣጣ ያወርድልዎታል። በስፓኒሽ ዕቃ ሁሉ ወንዴና ሴቴ ተብሎ ይከፈላል። ሻንጣ፣ “ማሌታ”፣ ሴት ናት፤ ቆርቆሮ ወይም ብልቃጥ፣ “ቦቴ”፣ ወንድ ነው፤ ማር፣ “ሚዬል”፣ ሴት ናት። “ክተቺው” ሲባል ለወንዱ “ሜቴሎ”፣ ለሴቷ “ሜቴላ” ነው። ሲከለከል ደግሞ ያ ትንሽ ድምፅ ከኋላ ተነስቶ ከፊት ይገባል፦ “ኖ ሎ ሜታስ”፣ “ኖ ላ ሜታስ”። እኛ “ክተቺው”ም “አትክተቺው”ም ስንል “ው” ከቦታው ስለማትነቃነቅ ይህ ለአማርኛ ተናጋሪ ያደናግራል። “ኤስቶ” ግን ፆታ የለውም። ዕቃው በእጅዎ እያለ “ሜቴ ኤስቶ” ካሉ ስለ ወንዴና ሴቴ መጨነቅ አያስፈልግም። በመጀመሪያው ጉብኝቷ በዚህ ይሂዱ። “ሎ” እና “ላ” ለሚቀጥለው ጊዜ ይቆዩ።

ለማን እንደሚናገሩም ይለዩ። ወሎ ላይ “አንተ”፣ “አንቺ”፣ “አንቱ” እንደምንለው ስፓኒሽም ለቅርብ ሰው “ቱ”፣ ለሚከበር “ኡስቴድ” ይላል። አማርኛ “ክተት” እና “ክተቺ” ብሎ ወንድና ሴት ሲለይ፣ ስፓኒሽ ትእዛዙን በተቀባዩ ፆታ አይለይም፤ “ሜቴ” ለሁለቱም ነው። ከላይ የጻፍኳቸው ሁሉ በ“ቱ” የሚነገሩ ናቸው። ስልክዎ ላይ “ሜታ”፣ “ፖንጋ”፣ “ሲዬሬ” የሚል ካገኙ የ“ኡስቴድ” መልክ ነው፤ ለእህትዎ ልጅ አይበሉት። እንደ እንግዳ ያራቋት ይመስላታል። አሳዳጊ እናቷንም በ“ቱ” ያናግሯት። ስፔን ውስጥ ዛሬ በቤተሰብ መሃል ያሉ አዋቂዎች በ“ቱ” ነው የሚነጋገሩት፣ እርስዎም ከአሁን ወዲያ ዘመድ ነዎት። ሁለቱን በአንድ ላይ ለማዘዝ ሌላ መልክ ስላለ፣ ያውም ስፔንና ላቲን አሜሪካ ስለሚለያዩበት፣ አንዷን እያዩ አንድ ነገር ይዘዙ።

“ፖር ፋቦር” በየቃሉ አይበሉ። እኔ የማስተምራቸው ሰዎች ሁሉ የሚፈሩት ይህንኑ ነው፤ ያለ “እባክሽ” የሚነገር ትእዛዝ ሁሉ ማመናጨቅ ይመስላቸዋል። እርስዎ ልጅዎን “ቡናውን አምጪ” ሲሉ አመናጨቋት አይባልም፤ የሚያመናጭቀው የድምፅ ቃና ነው። ስፔን ውስጥም እናት ለልጇ፣ አክስት ለእህቷ ልጅ “ሜቴ”፣ “ሲዬራ” ትላለች፣ ማንም አይከፋም። እንዲያውም በየዓረፍተ ነገሩ የሚደጋገም “ፖር ፋቦር” ትዕግሥቱ ያለቀበት ሰው ሊያስመስል ይችላል። መጀመሪያ ላይ አንዴ ይበሉት፣ ይበቃል። ማለስለስ ከፈለጉ ሁለት የተሻሉ መንገዶች አሉ። አንዱ “አ ቤር” ነው፤ በሥራው ከእኛ “እስኪ” ጋር አንድ ዓይነት ነው። “አ ቤር፣ አብሬ ላ ማሌታ”፣ እስኪ ሻንጣውን ክፈቺ። ሌላው መጨረሻው ላይ “ስ” ጨምሮ በጥያቄ ቃና ማለት ነው፤ “ሜቴስ ኤስቶ?” ሲሉ “ይሄን ትከቺልኛለሽ?” የማለት ለስላሳነት አለው። “ካሪኞ” ብለው ቢጠሯት ደግሞ “የኔ ውድ” እንደማለት ስለሆነ ከማንኛውም “ፖር ፋቦር” ይበልጣል።

ስለ ድምፁ ጥቂት። የስፓኒሽ አናባቢ አምስት ብቻ ነው፦ ኣ፣ ኤ፣ ኢ፣ ኦ፣ ኡ። የእኛ “እ” በዚያ ቋንቋ የለችም፤ ስለዚህ “ሜት”፣ “አብር” ብለው መጨረሻውን አይዋጡት፤ “ሜ-ቴ”፣ “አብ-ሬ” ተብሎ እስከ መጨረሻው መሰማት አለበት። ትእዛዙን ከክልከላው የሚለየው ያ የመጨረሻ ድምፅ ነው። “ኤ”ን ስንናገር ብዙዎቻችን “የ” እናስገባባታለን፣ “ቤት” ስንል “ብየት” ወደማለት እንጠጋለን። በስፓኒሽ ኤ ጥርት ያለ ነው። “ት” እና “ፕ” ልስልስ ይሁኑ፤ “ማሌታ” እንጂ “ማሌጣ” አይደለም። “ኽ” ብዬ የጻፍኩት ከጉሮሮ የሚወጣ ሻካራ “ህ” ነው፣ “ዴኻ” ሲሉ ይሰማ። በ“ሲዬራ” ውስጥ ያለችው “ራ” ጠንከር ብላ ትርገብገብ። የባርሴሎና ሰው የዚህኑ ቃል “ሲ” ምላሱን በጥርሱ መሃል አድርጎ ነው የሚናገራት፤ እርስዎ በተራ “ሲ” ይበሉት፣ መላው ላቲን አሜሪካ እንዲሁ ይላል።

ከመናገር ይልቅ የሚከብደው መስማቱ ነው፣ ዝርዝሮቹም ይህን ያስረሳሉ። ልጅቷ ዝም ብላ ትእዛዝ አትቀበልም፣ ትጠይቃለች። በብዛት የምትጠይቀው “ዶንዴ ፖንጎ ኤስቶ?” ነው፤ ይሄን የት ላስቀምጠው? መልሱ “አሪባ” (ከላይ)፣ “አባኾ” (ከታች)፣ “አል ፎንዶ” (ከሥር፣ መጨረሻው ላይ)፣ “ኤን ሜዲዮ” (መሃል)፣ ወይም “ኤንትሬ ላ ሮፓ” (በልብሱ መሃል) ነው። “ካቤ?” ካለች “ይበቃዋል? ይገባል?” ማለቷ ነው፤ “ኖ ካቤ” አልገባ አለ። “ፔሳ ሙቾ” ከበደ። “ያ ኤስታ” አለቀ፣ በቃ። ሁለት ቃላት ግን ጆሮዎን ያታልሉታል። አንዱ “ባሌ” ነው፤ ባዘዟት ቁጥር “ባሌ፣ ባሌ” ትላለች። እሺ ማለቷ ነው። ሁለተኛው “አይ” ነው፤ በስፓኒሽ “አለ” ማለት ነው። “አይ ሲቲዮ” ብትል “ቦታ አለ” ማለቷ ሲሆን፣ የእኛ ጆሮ “አይ”ን ሰምቶ እምቢ ያለች ይመስለዋል። ቦታ ከሌለ “ኖ አይ ሲቲዮ” ትላለች። ከእናቷ ጋር ስታወራ ደግሞ ከተማርነው አንዱም ቃል የለም ብለው እንዳይደነግጡ፤ ባርሴሎና ውስጥ ከስፓኒሽ ጎን ካታላንኛ ይነገራል፣ ምናልባት በእሱ ይሆናል የሚያወሩት። የእርስዎን ስፓኒሽ ሁለቱም ይረዱታል።

የዕቃዎቹን ስም ሁሉ ማስተርጎም አያስፈልግም። በርበሬ በርበሬ፣ ሽሮም ሽሮ ነው፣ ጀበናንም በስሟ ይጥሯት፤ ልጅቷ እነዚህን ስሞች ይዛ ብትሄድ ይሻላታል። የሚያስፈልግዎት “ማሌታ” (ሻንጣ)፣ “ሞቺላ” (የጀርባ ቦርሳ)፣ “ቦልሳ” (ፌስታል ወይም ከረጢት)፣ “ሮፓ” (ልብስ)፣ “ካልሴቲን” (ካልሲ)፣ “ቶአያ” (ፎጣ) እና “ፓሳፖርቴ” ናቸው። በርበሬውን ስታሸት “ፒካ ሙቾ” ይበሏት፣ በጣም ያቃጥላል።

ጀበናውን በቃላቱ እናልፈው፣ ከሁሉ የሚከብደው እሱ ነውና። ዋዜማው ላይ ሳይሆን ሁለት ቀን ቀደም ብለው አጥበው ያድርቁት፤ እርጥብ ሸክላ ልብስ ያበላሻል። ውታፉን አውጥተው ለብቻው ይጠቅልሉት። ሸክላው የሚሰበረው አንገቱና ጆሮው ላይ ነው፤ በሁለቱ መሃል ያለው ክፍተት ባዶ ከሆነ አንድ ግጭት ይበቃዋል። ካልሲ አንስተው ክፍተቱን እያሳዩ “ሜቴ ኤል ካልሴቲን አኪ” ይበሏት። ከዚያ ጋቢውን ዘርግተው “ኤንብዌልቤ ኤስቶ ኮን ኤል ጋቢ”፣ ይሄን በጋቢው ጠቅልዪው። አንዴ ዞሮ ሲያልቅ “ኦትራ ቤስ”፣ እንደገና። እጇ ከፈጠነ “ኮን ኩይዳዶ”፣ በጥንቃቄ፤ “ሴ ሮምፔ”፣ ይሰበራል። ጋቢው ስጦታ ነው፣ ማሸጊያም ሆነ። የት ይግባ ከተባለ ከእሷ ጋር በእጅ ሻንጣ ይሂድ፦ “ዬባ ኤስቶ ኤን ላ ሞቺላ”፣ ይሄን በጀርባ ቦርሳ ያዢው። ትልቁ ሻንጣ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ይወረወራል፤ በጀርባዋ የያዘችውን ግን እሷው ትጠብቀዋለች።

አሁን የምነግርዎት አያስደስትዎትም። ቅቤውና ቋንጣው ስፔን አይገቡም። የአውሮፓ ኅብረት ከኅብረቱ ውጪ ከሆነ አገር የሚመጣ መንገደኛ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ይዞ እንዳይገባ ይከለክላል፤ መጠኑ ማነሱ፣ መድረቁ፣ መነጠሩ ለውጥ አያመጣም። ከተያዘ ተወስዶ ይወገዳል። እርስዎ ለወራት ያስቀመጡት ቅቤ በማያውቁት ሰው እጅ ቆሻሻ ውስጥ ከሚወድቅ፣ ልጅቷ እርስዎ ቤት እያለች በዶሮው ወጥ ላይ ይደር፣ ቋንጣውም በፍርፍር ይቅረብላት። ሻንጣው ውስጥ አግኝታው ልትከት ስትል “ኤስቶ፣ ኖ” ብለው ያስቁሟት። ማር ይፈቀዳል፣ ለአንድ ሰው እስከ 2 ኪሎ። በእጅ ሻንጣ ግን ከ100 ሚሊ ሊትር የበለጠ ፈሳሽ ስለማይታለፍና ማርም እንደ ፈሳሽ ስለሚቆጠር፣ በትልቁ ሻንጣ መሃል በሁለት ፌስታል ታስሮ ይግባ። በርበሬና ሽሮም እዚያው ይሁኑ፤ ዱቄት በእጅ ሻንጣ ሲገኝ ፍተሻው ይረዝማል። ትኩስ ጤና አዳም ነቅለው ሊሰጧት አስበው ከሆነ፣ ትኩስ ተክል ያለ ዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት አይገባም።

አጠናኑ እንዲህ ይሁን። ጄምስ አሸር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ በፈረንጆቹ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ያስፋፋው ዘዴ አለ፤ ተማሪው ትእዛዙን ይሰማል፣ በአካሉ ይፈጽመዋል፣ ቃሉም ከእንቅስቃሴው ጋር ይያዛል። ሻንጣ መሸከፍ ደግሞ ለዚህ የተፈጠረ ሥራ ይመስላል። አሮጌ ሻንጣ መሃል ቤት ላይ ይክፈቱ፣ ከቤት አንድ ልጅ ይጥሩ። በመጀመሪያው ሳምንት በ“ሜቴ”፣ “ሳካ”፣ “ፖን”፣ “ዴኻ”፣ “ኤስቶ” እና “አኪ” ብቻ ይዘዙት፤ ቀጥሎ ቦታ ተለዋውጣችሁ እሱ ይዘዝዎት። በሁለተኛው ሳምንት የቀሩትን አምስት ግሦችና የቦታ ቃላቱን ይጨምሩ። ሦስተኛው ሳምንት የጆሮ ነው፤ ልጁ “ዶንዴ ፖንጎ ኤስቶ?”፣ “ካቤ?” እያለ ይጠይቅዎት፣ እርስዎ ይመልሱ። በቀን አሥራ አምስት ደቂቃ፣ ግን በየቀኑ። ወረቀት እያዩ አይናገሩ፣ እጅዎ ዕቃ ላይ ይሁን።

ድምፅዎን ለመፈተሽ ስልኩ እዚህ ላይ ይጠቅማል። በድምፅ መጻፊያውን ቋንቋ ስፓኒሽ፣ አገሩን ስፔን አድርገው “ሜቴ ኤስቶ አኪ” ይበሉ። ከስልኩ የስፓኒሹን አጻጻፍ ቀድመው ገልብጠው ካስቀመጡ፣ የጻፈልዎት ከዚያ ጋር መግጠሙን አይተው ያውቃሉ፤ ካልገጠመ የትኛው ድምፅ እንዳልወጣ ይታያል። ለትርጉም ግን አንድ ቃል ብቻ አይስጡት። “ተዪው” ብለው ቢጽፉ እዚህ ይቅር ማለትዎን ወይስ አቁሚ ማለትዎን አያውቅም። ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ፣ የወጣውን መልሰው ወደ አማርኛ ያስተርጉሙት፤ ያሰቡት ሆኖ ካልተመለሰ አይጠቀሙበት።

የዚህ ሁሉ ወሰን የት እንደሆነም ላስታውቅዎ። እነዚህ ቃላት ሻንጣ ይሸክፋሉ፤ ከዚያ አልፈው አይሄዱም። ከኢትዮጵያ ወደ ስፔን በማደጎ የሄዱ ልጆች ብዙ ናቸው። የውጭ አገር ማደጎ በ2010 ዓ.ም. በሕግ ቢከለከልም ቀደም ብለው የሄዱት አሁን ወጣት ሆነው ዘመድ ፍለጋ እየመጡ ነው፤ ይህን ያየ ሰው እንደሚያውቀው ከባዱ ጥያቄ የሚመጣው እንግዳ ሆነው ሲቀመጡ ሳይሆን እጅ ሥራ ላይ እያለ፣ ልብስ እየታጠፈ ነው። “ማድሬ” የሚለውን ቃል ከሰሙ፣ በተለይ “ኮሞ ኤራ ሚ ማድሬ?” ካለችዎት፣ እናቴ ምን ዓይነት ሰው ነበረች እያለችዎት ነው። ይህን በዘጠኝ ግሥ ለመመለስ አይሞክሩ። በስልክ ትርጉምም አይመልሱ፤ አንድ ቃል ቢሳሳት ልጅቷ ዕድሜዋን ሙሉ ይዛው ትኖራለች። እጇን ይዘው “ማኛና” ይበሏት፣ ነገ ማለት ነው፤ ነገም አስተርጓሚው መኖር አለበት። ስለዚህ ሁለቱን የአስተርጓሚ ቀናት መምጫዋ ላይ አይጨርሷቸው። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ምግቡ፣ ቡናውና የዘመድ ሳቅ ይሸፍናቸዋል። አንዱን ቀን ለመቀበያ ይጠቀሙበት፤ ሁለተኛውን ለሁለት ከፍለው ግማሹን ለእናቷ ሐውልት ጉብኝት፣ ግማሹን ከመሄጃዋ በፊት ላለው የመጨረሻ ከሰዓት ያስቀሩት። አስተርጓሚውን ዛሬውኑ ደውለው ይህን ያስይዙ፣ ሌላ ሥራ ሳይቀበል።